አደን ዴጎሌና የግራው ፍሬን

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የመንደሩን ብርካ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን፣ ሰበርክ ተብዬ ከትራክተር ነጂነት ተባረርኩ፤ ከዚያ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር በአህያ ጋሪ ውሃ ቀዳሁ። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም። ይህን ስል የሰማኝ ሁሉ "እሺ፣ እሺ" ይለኝ ነበር። "እሺ፣ እሺ" ማለት "ዝም በል" ማለት እንደሆነ አማርኛ የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል።

አንድ ሰው ግን፣ መካኒኩ አደን ዴጎሌ፣ ነገሩን ፈታው። እሱም ቢሆን እኔን አምኖ አይደለም፤ ያመነው ፍሬኑን ነው። ባለፈው ወር ልጁ ከድንበሩ የባቡር ከተማ ከደወሌ ደውላ "አባቴ ሄደ" አለችኝ። እኔም እንደ ሞኝ "ወዴት?" አልኳት። አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች። የመጨረሻው ቀን ከአስር ሰዓት ሶላት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ባቡሩ ጣቢያው ሲገባ ያይ ነበር አለችኝ። "የዚህን ፍሬን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ ከፊቱ ተቀምጦ ያውቃል?" ብሎ ጠየቃት። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባትም ነበር። ማታ ተኛ፤ ጠዋት አልተነሳም።

ምን ማለቱ እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ እጽፋለሁ። መጻፍ የተማርኩት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ ያማረ ነገር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይፈልግ።

መንደሯ ከጅግጅጋ ወደ ሸደር ሲወጣ ዳገቱ የሚጀምርበት ላይ ናት። አባቴ ከጭሮ መጥቶ በዚያ ሜዳ ትራክተር ሲነዳ ኖሮ እዚያው ተቀበረ፤ እኔም መሪውን ከእሱ ወረስኩ። ሌላ ያወረሰኝ ነገር የለም። የገበሬዎች ማኅበሩ ትራክተር ዱሮ ቀይ ነበረች ይባላል፤ እኔ ስደርስባት ከርሞ የደረቀ በርበሬ መስላለች። ሁለት የፍሬን ፔዳል አላት፤ አንዱ የግራውን የኋላ ጎማ፣ ሌላው የቀኙን ይይዛል። እርሻ ላይ ስትታጠፍ አንዱን ብቻ ትረግጣለህ። መንገድ ላይ ስትወጣ ሁለቱን በብረት መቀርቀሪያ አያይዘህ አንድ ላይ ትረግጣለህ። ይህን የማያውቅ ሰው ትራክተር ላይ አይውጣ።

በዚያ ዓመት ማሽላ ሲታጨድ ፍሬኗ ላላና ማኅበሩ ከከተማ መካኒክ አስመጣ። እኔ አጨዳ ላይ ነበርኩ። ማታ ስመለስ የዕቃ ቤት ኃላፊው ፋራህ ወረቀት ዘረጋልኝ፤ ፍሬን ተቀይሯል፣ እዚህ ላይ አውራ ጣትህን አድርግ አለኝ። ማንበብ አልችልም ነበር። ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክሬ ሰጠሁት።

እርሻ ስላልነበረ፣ ሁለት ቀን ሜዳ ለሜዳ ማሽላ ስሰበስብ ፍሬን የሚያስረግጥ ነገር አልገጠመኝም። በሦስተኛው ቀን ተሳቢው ላይ ማሽላ ጭኜ ቁልቁለቱን ወረድኩ። ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመንገዱ በስተቀኝ ብርካው አለ፤ ግማሹ ከመሬት በታች፣ ግማሹ ከመሬት በላይ በሲሚንቶ የተገነባ፣ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ የሚያቆይልን። ፔዳሎቹን አያይዤ ነበር፤ ረገጥኩ። ትራክተሯ አልቆመችም። እንደ እልኸኛ በሬ አንገቷን ወደ ቀኝ ጣለችና ግንቡን ገጨችው። ማሽላው ብርካው ውስጥ ገባ፤ ውሃው ከብርካው ወጣ። ሰው አልተጎዳም። የመንደሩ ሰው ግን ቆሞ በጋውን ሙሉ የሚጠጣው ውሃ ሜዳው ላይ ሲፈስ አየ።

ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ፋራህ ወረቀቱን አወጣ፤ ፍሬኑ አዲስ ነው፣ ጣቱም ይኸው አለ። ነገሩ እዚያው አለቀ። በሶማሌ ወግ ሰው ሲያጠፋ ጎሳው ተከፋፍሎ ይሸከምለታል። እኔ ጎሳ የለኝም፤ ብቻዬን ተሸከምኩ። ከወንዙ አሸዋ ውስጥ ከተቆፈረው ጉድጓድ፣ በእግር አንድ ሰዓት ከሚያስኬደው፣ በአህያ ጋሪ ውሃ እንድቀዳ ተፈረደብኝ። እስከ መቼ ብዬ ስጠይቅ "ይበቃሃል እስክንልህ" አሉኝ። ብርካው ተጠገነ፤ እንደገና ዝናብ ዘነበበት፤ "ይበቃሃል" የሚል ሰው ግን አልመጣም። ረስተውት ነው። ሰው የሌላውን ሸክም ቶሎ ይረሳል።

ስምም አወጡልኝ። ሶማሌ የሚያነክሰውን ሰው ፊት ለፊት አንካሳው ይለዋል፤ አንድ ዓይናውንም እንደዚያው፤ ለስድብ አይደለም፣ መለያው ነው። እኔን "ቢሪግላዌ" አሉኝ፤ ፍሬን የለሽ ማለት ነው። አንካሳው ቢያንስ በእውነት ያነክሳል።

ትራክተሯ ከፊቷ ተጣማ ግራር ሥር ቆመች፤ ዶሮዎች መቀመጫዬ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር። በ2013 ጥር መጨረሻ ላይ ሳህራ የምትባል ሴት የማኅበሩ ሊቀመንበር ሆነች። ምላሷ የሚቆርጥ፣ ሥራዋም የሚቆርጥ። በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ "ትራክተር እያለን የዶሮ ቤት አድርገነዋል" አለችና ትራክተሯን ጠግኖ ለበልጉ እርሻ እንዲያደርስ አደን ዴጎሌን ከጅግጅጋ አስጠራች።

ወደ ሸደር የስደተኞች ጣቢያ ዱቄት በሚያደርስ መኪና ላይ ተጭኖ መጣ። ሰባ ዓመት ይሆነዋል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙ በሂና ብርቱካን የመሰለ፤ ሽርጡን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎታል። በአንድ እጁ የመፍቻ ከረጢት፣ በሌላው ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ይዟል። ወንበር ይዞ የሚዞር መካኒክ አይቼ አላውቅም ነበር። ልጆቹ ከኋላው ተሰልፈው ሳቁ፤ እሱ ከእነሱ በላይ ሳቀ።

ዴጎሌ ማለት ደንቆሮ ማለት ነው። አንዱ ጆሮው በወጣትነቱ በመንግሥት እርሻ ሞተር ሥር ሲውል ሄዷል፤ አማርኛውንም የለመደው እዚያው ከደጋ መካኒኮች ጋር ነው። የቀረው ጆሮ ደህና ይሰማል፤ መቼ እንደሚሰማ ግን ባለቤቱ ነው የሚወስነው። ፋራህ ቀርቦ የተበላሸው የፊቱ ብረት ብቻ ነው፣ የኋላውን መክፈት አያስፈልግም አለው። "ኧ?" አለ። ፋራህ ደገመለት። "ኧ?" ፋራህ ጮኸ። አደን ፈገግ ብሎ አመሰገነውና ክሪኩን ከኋላው ጎማ ሥር አስገባ።

እኔ ውሃ ላደርስ መጥቼ ነበር። "ዋሪያ፣ አንተ ሰው፣ ያቺን ጎማ አዙርልኝ" አለኝ። ትራክተሯን መንካት አልተፈቀደልኝም፤ ይህንኑ ነገርኩት።

"ለምን?"

"ቢሪግላዌ ነኝ።"

"ኧ?"

"ፍሬን የለሽ!" ብዬ ጮህኩ። የመንደሩ ሰው ዞሮ አየኝ።

"የማን ፍሬን?" አለኝ።

በሁለት ዓመት ውስጥ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጎማውን አዞርኩለት። እሱም ካቻቪቴ አውጥቶ ጫፉን የጎማው ዘንግ ያለበት ብረት ላይ አስደገፈ፤ እጀታውን በጥርሱ ነክሶ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮው የማይሰማውን ጥርሱ ነበር የሚሰማው። ልጆቹ ይህን ሲያዩ ቀረብ ብለው ከበቡት። የቀኙን ነክሶ "ደህና" አለ። የግራውን ነክሶ ቆየ። ከዚያ ካቻቪቴውን ከአፉ አውጥቶ ጠረገና ጎማዎቹን አወረደ።

የቀኙን ታምቡር ከፈተ፤ ታምቡር የፍሬኑን ሸራ፣ ታሽቶ ጎማውን የሚያቆመውን ሸክላ መሰል ነገር፣ የሚሸፍነው ክብ ብረት ነው። ሸራው አዲስ ነበር። ወረቀቱ እውነቱን ነው፣ እንግዲህ እኔ ነኝ የሰበርኩት ብዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ጠረጠርኩ። ከሁሉም የምትመረኝ ያቺ ደቂቃ ናት።

በዚህ መሃል የጫት ሰዓት ደረሰ። ወጣቶቹ ተነሱ፤ ለአደንም ከባቢሌ መንገድ የመጣ ምርጥ እስር አቀረቡለት። አደን ጫት ይቅማል፤ ይወዳልም። ግን አንድ ሕግ አለው፤ "ጎማ ወልቆ አይቃምም" አላቸው። እስሩን እርጥብ ጆንያ ውስጥ ሸጉጦ የግራውን ታምቡር መፍታት ጀመረ።

ታምቡሩ ሲወጣ ጥቁር ዘይት ሽርጡ ላይ ፈሰሰ። ሸራው አልቆ ሚስማሮቹ ብረቱን ፍቀውታል፤ የቀረውም ዘይት ጠጥቶ እንደ ሳሙና ያሟልጫል። አደን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። የቀኙንና የግራውን ሸራ አንሶላ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠና በጠመኔ አንዱ ላይ "ቀ"፣ አንዱ ላይ "ግ" ጻፈ። እኔ ምን እንደሆኑ ጠየቅኩት። ቀኝና ግራ አለኝ። በሕይወቴ ያወቅኳቸው የመጀመሪያ ፊደሎች እነዚያ ናቸው።

"ግማሽ ፍሬን ከፍሬን አልባ ይብሳል" አለኝ ቀጥሎ። "ፍሬን የሌላት ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግማሽ ያላት ወደያዘው በኩል ትዞራለች። ወዴት ዞረችብህ?"

"ወደ ቀኝ።"

"ሂድ ሽማግሌዎቹን ጥራ። እጅህን ግን እዚህ ላይ አታሳርፍ፤ ነካክቶ ነው እንዳይሉህ።"

ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው እያጉረመረሙ መጡ። ትልቁ ሐጂ ኢብራሂም ነው፤ ያን ፍርድ የፈረደብኝ። ትራክተሯ በድንጋይ ላይ ተደግፋ ሁለት የኋላ ጎማዎቿ መሬት ላይ ተኝተዋል። ሐጂው ምንጣፍ አስነጥፎ እስሩን ሊፈታ ሲል አደን ሕጉን ነገረው። ሐጂው እንዲህ ያለ ሕግ ሰምቼ አላውቅም አለ። አደን በዚህ ቦታ ጎማ ሳይገባ የሚቅም ካለ መፍቻዬን ይዤ በመጣሁበት መኪና እመለሳለሁ አለ። ሳህራ እጇን አጣምራ፣ በልጉ ደርሷል፣ ሌላ መካኒክ የለንም አለች። የወንዶቹ ጫት ሲጠወልግ ማየት እንዳስደሰታት ፊቷ አይደብቅም ነበር።

ሐጂው እስሩን አስቀመጠ። የቀኙን ሸራ ዳሰሰ፤ የግራውን አነሳና አሸተተ፤ አፍንጫውን ሸበሸበ። ሸራው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ የሁሉም እጅ ዘይት ሆነ። ፋራህ ተጠራ። "ወረቀቱ አለ እኮ" አለ። አምጥቶ አነበበው፤ "የኋላ ፍሬን ተቀይሯል" ይላል።

አደን "የኋላ ጎማ ስንት ነው?" ብሎ ጠየቀው።

"ሁለት።"

"ወረቀቱ ስንት ይላል?"

ፋራህ ወረቀቱን አገላበጠ። ፀሐይዋ ትጋረፋለች፤ የጫቱ ቅጠል ይረግፋል። አንዱ ሽማግሌ እስሩን በውሃ ይረጭ ጀመር። ሌላው ፋራህን "ተናገር እንጂ፣ ሽማግሌ ልትገድል ነው?" አለው። ፋራህ መጨረሻ ላይ መሬት መሬት እያየ አወጣው። መካኒኩ ቀኙን እንደጨረሰ የጫት ሰዓት ደረሰ፤ የግራውን ከጫት በኋላ አለ። ከጫት በኋላ፣ ነገ አለ። በማግስቱ ወደ ከተማ የሚሄድ መኪና አገኘና ሄደ። ፋራህ ደግሞ ያልቃል ብሎ ቀድሞ ጽፎ፣ ጣቴን ቀድሞ ወስዶ ነበር። የግራው አዲስ ሸራ እስከ ዛሬ ከነመጠቅለያው ዕቃ ቤት አለ።

ሐጂ ኢብራሂም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሌሎቹም ተከተሉት፤ ከመካከላቸው ቤቱ ውስጥ "ከጫት በኋላ" የተባለ በር ወይም ጣሪያ የሌለው ሰው አልነበረም። እኔ አልሳቅኩም። ሁለት ዓመት አህያ የነዳሁት በአንድ እስር ጫት ነው። አደን ፊቴን አይቶ ወደ እኔ ዞረ።

"አንተም ሳትሞክራት ጣትህን የሰጠህ ጥፋተኛ ነህ" አለኝ ሁሉም እየሰማ። "ያንተ ጥፋት ግን የሁለት ቀን ነው፣ የሁለት ዓመት አይደለም።"

ተናደድኩ። ዛሬ ሳስበው ከተፈረዱብኝ ፍርዶች ሁሉ ልክ የሆነው እሱ ብቻ ነው።

ሐጂው ግን ሽማግሌ ነውና አንድ ነገር ጨመረ። ብረት አይናገርም፣ ዓይናችን ይይ፤ ሁለቱም ፍሬን ይሠራና ይኸው ሰው ያንኑ ጭነት ይዞ ያንኑ ቁልቁለት ይውረድ። ከቆመች ጥፋቱ የፍሬኑ ነበር፤ ካልቆመች የሰውዬው ነው። አደን ተስማማ። ጎማዎቹን ለጊዜው መለሰላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ከመቼው ወደ ጫታቸው እንደሮጡ አላየሁም።

የፊቱን ብረት አቃንተን እስክንጨርስ ጥቂት ቀናት አለፉ። ለፍሬኑ መጀመሪያ ዘይቱ የሚያፈስበትን የዘንጉን ማሸጊያ ጎማ ቀየረ፤ ዘይቱን ሳታቆም አዲስ ሸራ ማስገባት ልጅ ሳታጥብ አዲስ ልብስ ማልበስ ነው አለኝ። ፋራህ አንገቱን ደፍቶ ያመጣውን ሸራ ገጠምን፤ ታምቡሩን በቤንዚን አጠብን። ማስተካከያውን ሲያጠብቅ ጎማውን እኔ አዞራለሁ፤ እሱ ይነክሳል። ሜዳ ላይ አስነድቶ ድንገት ያስረግጠኛል፤ ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ ጎማዎቹ የጎተቱትን ሁለት መስመር በስንዝር ይለካል። አንዱ በአራት ጣት ሲያጥር እንደገና ወደ ክሪኩ። "ልጄ ደወሌ ናት፤ እዚያ ያለውን ሐዲድ አይተሃል? እንደዚያ ካልሆነ አልሄድም" ይለኛል። ስድስት ጊዜ ፈታን። ስድስቱንም ጊዜ ዘፈነ። ሲዘፍን ድምፁ አስቀያሚ ነበር፤ ራሱ የሚሰማው ግማሹን ነዋ።

የሙከራው ዕለት መንደሩ በሙሉ መንገዱ ዳር ወጣ። ቁልቁለቱ አናት ላይ ተሳቢው ላይ ያንኑ ያህል ማሽላ ጫኑልኝ። ወደ ታች ስመለከት አደን ነጭ ወንበሩን መንገዱ መሃል፣ ከብርካው ጎን አስቀምጦ ተቀመጠበት። ፊቱ ወደ እኔ ነው። ሳህራ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሰጠችው፤ እግሩን አነባበረ።

ወርጄ ሮጥኩ። "አዴር፣ ተነስ ከዚህ!" አልኩት። አዴር ማለት አጎቴ ማለት ነው፤ በሕይወቴ ሶማሌ ሽማግሌን ከልቤ አዴር ያልኩት ያን ቀን ነው።

"ኧ?" አለኝ።

"አዴር፣ ፍሬኑ ባይዝስ?"

"ፍሬን የሠራ ሰው ከፊት ይቀመጥ። ሠርቶ ከዳር የሚቆም ሰው ሥራውን ራሱ አላመነውም።" ሻዩን ተጎነጨ። "ውጣ፤ ሻዬ ይቀዘቅዛል።"

ወጣሁ። ከሰሞኑ የሜዳ ሙከራ በቀር ሁለት ዓመት መሪ አልጨበጥኩም። የሰው አፍና የእኔ ስም ቁልቁለቱ ላይ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ የሽማግሌ ነፍስ ተጨመረ። ፔዳሎቹን አያያዝኩ፤ መቀርቀሪያውን ሁለቴ ነካሁት። ለቀቅኳት። ማሽላው ከኋላ ይገፋል፤ ብርካው በቀኝ በኩል ይመጣል፤ ነጩ ወንበር ያድጋል። ከፍሬኑ በፊት የምሰማው የራሴን ጥርስ ነበር። በዚያች የመጀመሪያዋ ቀን በረገጥኩበት ቦታ ላይ ረገጥኩ።

አንገቷን አልጣለችም። ሁለቱም ጎማ እኩል ያዘ፤ አቧራው አልፎኝ ሄደ፤ ቆመች። አቧራው ሲገለጥ የትራክተሯ አፍንጫ ከአደን ጉልበት አንድ ክንድ ርቆ ነበር። ጢሙ ነጭ ሆኗል። ብርጭቆውን አነሳ፣ የተረፈውን ጨለጠ፣ ወደ ሳህራ ዞሮ "ስኳር አንሶታል" አላት።

ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ፤ መሳቅ እንደምችል ረስቼው ነበር። ሐጂ ኢብራሂም በከዘራው መሬት ላይ ያሉትን ሁለት መስመሮች ተከትሎ እስከ ጎማው መጣ፤ እኩል ናቸው። ቀና ብሎ ያን ሁለት ዓመት የጠበቅኩትን አንድ ቃል አለኝ፤ "ይበቃሃል።"

አህያዋና ጋሪዋ እስከ ዝናቡ ድረስ ለፋራህ ተሰጡ። አህያዋ ሰነፍ ሰው አትወድም፤ ሁለቱን አብሮ ማየት የዓመቱ ደስታዬ ነበር። ስሜንም ሐጂው ከለከለ፤ ከእንግዲህ ቢሪግላዌ ብሎ የጠራኝ አንድ ጀሪካን ውሃ ወደ ብርካው ያመጣል አለ። ልጆቹ ሰምተው ከዳር እስከ ዳር "ቢሪግላዌ!" እያሉ ጮሁ፤ ከዚያም ጀሪካናቸውን ይዘው እየሳቁ ወረዱ። ያን በጋ ብርካው አልጎደለም። በስሜ ነው የሞላው።

ሰው ሁሉ ሲበተን አደን ሊሄድ ነው ብዬ ነበር። እሱ ግን ክሪኩን አመጣ። ከሙከራ በኋላ የታመመው ጎን እንደገና ይከፈታል አለ። የግራውን ከፈትን፤ ሸራው ደረቅ ነበር፣ አንድ ጠብታ ዘይት የለም። ሚስማር ሰጠኝና ከሸራዎቹ ጀርባ ያለውን ቆርቆሮ አሳየኝ፤ ፍሬን የሠራ ሰው ቀኑን እዚያ ይጽፋል፣ ይህ ወረቀት አይዋሽም አለኝ። መጻፍ አልችልም አልኩት። "ኧ?" አለ። በጠመኔ ጭቃ መከላከያው ላይ ጻፈልኝ፤ እኔ እንደ ሥዕል እያየሁ ቆርቆሮው ላይ ቧጠጥኩት። ጎማውን አሰርን። ከዚያ የዕለቱን የጠወለገ እስሩን ከጆንያው አወጣ።

በዚያው ዓመት የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ "ሀ" ብላ ስትጀምር እኔ "ቀ"ንና "ግ"ን አውቅ ነበር።

ልጁ የደወለች ዕለት ትራክተሯን ግራር ሥር አቁሜ የግራውን ጎማ ፈታሁ። ፍሬኑ ምንም አልሆነም። አቧራውን በሽርጤ ጠረግኩ። ፊደሉ ጠማማ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ግን ያኔ የሣልኩትን አሁን አነበብኩት፦

ግ። የካቲት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.